ቀኙ ይቀድማል

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ፍቅር የተጀመረው በአቤቱታ ነው። አበባ አልነበረም፣ ጨረቃም አልነበረችም። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ደግሞ ነፋሱ ትንሽ፣ ጩኸቱ ብዙ ነው።

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በካሴት ተሞልቷል። አባትና ልጅ የሚሠሩት የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው፤ የሠርግ፣ የንግግር፣ የድራማ፣ ሰው ሊጥለው ያልጨከነበትን ድምፅ ሁሉ። ትልቁ ደንበኛቸው የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው መጋዘን ሙሉ የቆየ ፕሮግራም ስላለው፣ ሳይበላሽበት እንዲገለበጥለት በየሳምንቱ አንድ ካርቶን ካሴት ይልካል።

የሥራ ክፍፍላቸው የማይነቃነቅ ነበር። ካሴቱን ከትቶ ማጫወት የአባት ነው። የወጣውን ፋይል መቁረጥ፣ ማጽዳትና ስም መስጠት የልጅቷ። መሀል ላይ ያለው፣ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ማሽን አባት በወጣትነታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው፤ አንድ የብረት ሳጥን፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ማብሪያ። ልጅቷ ሕፃን ሳለች «ታላቅሽ ነው፣ አክብሪው» ብለዋት ነበር። ቀልድ መሆኑ የገባት ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው።

ቴክኒሻኑ ከጣቢያው የመጣው በዚያ ሞቃት ከሰዓት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ወጣት። ባልደረቦቹ «ሹክሹክታ» ይሉታል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው የለም።

«ጋሼ፣ የምትልኩልን ፋይሎች አየር ላይ ሲወጡ ይታፈናሉ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ይታፈናሉ። ተናጋሪው አፉ ላይ ሻሽ ያደረገ ይመስላል።»

«ጮክ በል እንጂ አንተ ልጅ። ምስጢር ነው እንዴ?»

ደገመላቸው። አባት መልስ ሳይሰጡ አንዱን ፋይል ከፈቱና በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ለቀቁት። የአንድ ሽማግሌ ንግግር ክፍሉን ሞላው።

«ሻሹ የታል?» አሉ።

«በሁለት ስፒከር አይታወቅም፣ ጋሼ። የኛ ስርጭት ግራና ቀኝ የለውም፤ ሁለቱን ደርበን አንድ አድርገን ነው የምናስተላልፈው። ሲደረቡ ነው ጣጣው። ቀኙ ከግራው በጣም ትንሽ የሚቀድም ይመስለኛል፤ ምናልባት ከመቀየሪያው ማሽን ይሆናል። እስኪ ያቺን ቁልፍ ይጫኑና አንድ ላይ እንስማው።»

ቁልፉ ያለው አባት ጣት ሥር ነው። አልተጫኑትም። ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ይህ ማሽን አንተ በዳዴ ስትሄድ ሥራ ላይ ነበር። መጀመሪያ ጆሮህን ታጠብ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ማሽኔን የናቀ ሰው ከዚህ ባንኮኒ ወዲህ አያልፍም።»

ልጅቷ ጥግ ላይ፣ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ነበር። የጆሮ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ላይ ፈንጠር አድርጋ ሁሉንም ሰምታለች። ቴክኒሻኑ ሲዞር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። «ይቅርታ» አለ፤ ያለው ለአባት ይሁን ለእሷ አልለየም። ከዚያ ወጣ።

መሳቅ አምሯት ነበር፤ አልሳቀችም። በጆሮ ማዳመጫዋ ስታዳምጥ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋደሉ ለእሷም ይመስላት ነበር። ጭንቅላቴ ነው፣ ወንበሩ ነው፣ ድካም ነው እያለች ትታው ነበር። አሁን የሆነ የማታውቀው ሰው መጥቶ ልክ እሷ የጠረጠረችውን ተናገረ። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ላይ ልብ አልነበራትም።

ፋይሎቹን በየሳምንቱ ዓርብ ጣቢያው ድረስ የምታደርስ እሷ ናት። በዚያ ሳምንት ተቀባዩ ራሱ ሹክሹክታ ሆነ።

«አባቴን አስቀይመኸዋል» አለችው ገና ከመቀመጧ።

«አስቤ አልነበረም። አባትዎ እንደዚያ ይሆናሉ ብዬ…»

«አባትዎ? እኔ እርስዎ የምባል ሰው እመስላለሁ?»

«አባትሽ» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። «እኔ የተናገርኩት ስለ ድምፁ ነው። ስለ እሳቸው ክፉ ነገር አልወጣኝም።»

«ማሽኑና እሱ አንድ ናቸው። አንዱን ስትነካ ሌላው ያመዋል።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ስለ ማሽኑ አላወራም።»

«ቃል?»

«ቃል። አንቺም አታንሺብኝ።»

«እሺ፣ እኔም ቃል።»

ይህን ቃል እንግዲህ ልብ እንበለው። ሁለቱም ጠበቁት፤ ጠብቀውት ነው ጉድ የሆኑት።

ከዚያ ዓርብ ጀምሮ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሸኛት ጀመር። ማቆሚያው አግዳሚ ወንበሩ ተሰብሮ፣ ጣሪያው ብቻ የቀረ ነበር። ቆመው ያወራሉ። እሱ ሰው ሲያዋራው ዓይኑን ጨፍኖ የማዳመጥ ልማድ አለው።

«ሰልችቼህ ነው የተኛኸው?» አለችው አንድ ቀን።

«ደህና አድርጌ ልስማሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ መልኬን መቼ ልታየው ነው?»

ዓይኑን ገለጠ። አውቶቡስ መጣ፤ አልወጣችበትም። ሌላ መጣ፤ በዚህኛውም አልሄደችም። ትኬት ቆራጩ በመስኮት ብቅ ብሎ «እህት፣ ተሳፋሪ ነሽ ወይስ ማቆሚያ?» ብሏታል።

አንድ ዝናባማ ዓርብ፣ ጣሪያው ሥር ከአንድ ጃንጥላ ጋር ቆመው ሳለ፣ እንደሚወዳት ነገራት። በዚያች በለመዳት ድምፁ፣ ልክ አንድ የጭነት መኪና እያለፈ። ጊዜ መምረጥ እንኳ አያውቅም።

«ሰምቼሃለሁ» አለችው። «ግን ድገመው።»

«ከሰማሽ ለምን እደግመዋለሁ?»

«ደስ ስላለኝ።»

ደገመላት። እሷም ያው እንደምትወደው ነገረችው፤ ለማስረዘም ምክንያት አልነበራትም። እጁን ያዘችው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም፤ እቤት ስትደርስ እናቷ «ምነው ፊትሽ በራ?» ቢሏት ብርድ ነው አለች።

ቀጥሎ የመጣው የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። «አባትሽን ላነጋግር» አለ። እሷ ግን የባንኮኒውን ነገር አልረሳችም። አባቷ አንድ ጊዜ ከተናገሩ ከቃላቸው ዝንፍ አይሉም። ከሳቸው ተጣልታ የምታገባውን ሰው ማሰብ ደግሞ አልፈለገችም፤ ሁለቱንም ትፈልጋለች። «ትንሽ ይብረድለት» አለች። አልበረደላቸውም። ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር «ያ ጆሮውን ያልታጠበው ልጅ» እያሉ ያነሱታል።

በዚህ መሀል ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው ጣቢያው ውስጥ ነው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናቸው፣ ቴክኒሻኑን ጠርተው የታፈነው ድምፅ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡ ነገሩት። ለልጅቷ እንዳይነግራት ቃል አለበት። አባትየው ሥራውን ቢያጡ ደግሞ አንጀታቸው እንደሚቆረጥ ያውቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ የጣቢያውን ኮምፒውተር አዘዘው፤ ከዚያ ሱቅ የሚመጣ ፋይል ሁሉ ሲገባ ቀኙ በዚያችው በትንሿ ልክ ወደ ኋላ እንዲል። በአንድ የቆየ ፋይል ሞከረው፤ ሻሹ ከተናጋሪው አፍ ላይ ወረደ። ደስ ብሎት ለማንም ሳይተነፍስ ተወው።

ሁለተኛው ሱቁ ውስጥ ነው። ልጅቷ ጥርጣሬው እንቅልፍ ስለነሳት፣ አባቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት አንድ ነጠላ «ቋ» የሚል ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ወደ ማሽኑ ላከች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልታ አየችው። ቀኙ ቀድሟል፤ የፀጉር ያህል፣ ግን ቀድሟል።

ምክንያቱን ለማወቅ ሳጥኑን ከፈተችው። ማሽን ድምፅን የሚቀይረው በየቅጽበቱ እየለካ ቁጥር በመጻፍ ነው። ታላቋ የሆነው ማሽን ግን ለሁለት ወገን ያለው አንድ መለኪያ ብቻ ነው። ሁለት በር የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ ማለት ነው፤ ግራውን ያያል፣ ሮጦ ቀኙን ያያል፣ ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዳየ አድርጎ ይመዘግባል። ቀኝ በር ላይ የደረሰው ዘግይቶ ስለሆነ የሚያየው ትንሽ ቆይቶ የመጣውን ነገር ነው። ሲጫወት ታዲያ ቀኙ የቀደመ ሆኖ ይሰማል።

ሳጥኑን መልሳ ዘጋችው። ለአባቷ መንገር አልሆነላትም። ለሚወዳት ሰው መንገርም አባቷን አሳልፎ መስጠት መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ጋደም ሲሉ ጠብቃ፣ ጣቢያው የሚሄደውን ፋይል ሁሉ ቀኙን በልኩ ወደ ኋላ ትገፋው ጀመር። ሁለቱም ይህን የጀመሩት በአንድ ሳምንት ነው።

አንባቢ ውጤቱን ሳይገምት አይቀርም። እነሱ ግን አልገመቱም።

ኃላፊዋ አዲሶቹን ፋይሎች አየር ላይ ሰሙና «ያው ነው» አሉ። ቴክኒሻኑ ራሱን ተጠራጠረ፤ ፈትሾ፣ ደግሞ ፈትሾ ማስተካከያው መሥራቱን አረጋገጠ፤ ድምፁ ግን ያው ታፍኗል። አባትየው የሆነ ነገር ቀይረው ይሆናል ብሎ ልጅቷን እንዳይጠይቅ ቃል አለበት። ኃላፊዋም ትዕግሥታቸው አልቆ ሱቁ ደወሉ።

አባት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው ሰሙ፣ «እሺ» አሉና ዘጉት። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ካሴት አይመጣም» አሉ። ቀጥለው «ያ ጆሮውን ያልታጠበው ልጅ ነው ይህን የሠራኝ» አሉና ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። እናት ሳህኑን ሁለት ጊዜ አሙቀው መለሱት።

ልጅቷ ሆድ ባሳት። ፋይሎቹን በገዛ እጇ አስተካክላለች፤ ንጹህ እንደሆኑ ታውቃለች። እንግዲያው አቤቱታው ከየት መጣ? ባንኮኒው ጋ የተባለውን ቂም ይዞ ነው? ዓርብ ዕለት ወደ ጣቢያው አልሄደችም። ስልኳ ጠራ፤ አላነሳችም። በማግሥቱም አላነሳችም። ሰኞ ጠዋት ግን የራሷን ኮፒ ፍላሽ ላይ ይዛ፣ አስተዛዝባው ልትመለስ፣ የሥራ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«ይሄ የትኛው ጆሮ ነው የታፈነ ያለው?» አለችና ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የኔ። የኃላፊዋም።»

«ቃል ሰጥተኸኝ አልነበር?»

«ጠብቄያለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።»

«ታዲያ አባቴ ለምን ሥራ ፈታ?»

እሱ ፍላሹን ሰካ። የእሷን ኮፒ ከፍቶ፣ ሁለቱን ወገን ደርቦ ለቀቀው። ጥርት ያለ ነበር። እያንዳንዷ «ሰ» ስለት አላት። አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ የጣቢያውን ኮፒ፣ ያንኑ ንግግር፣ ለቀቀው። ሻሹ ተመልሶ መጣ።

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስክሪኑን አጎላችው። ቁጣዋን ለጊዜው ረስታዋለች፤ ሙያ እንዲህ ነው። «ይሄማ ቀኙ ቀድሞ አይደለም» አለች። «ዘግይቶ ነው። ቀኙን ወደ ኋላ የገፋው ማነው?»

«እኔ» አለ። «ፋይሉ ሲገባ ኮምፒውተሩ እንዲገፋው አድርጌያለሁ። ሥራው እንዳይቋረጥባቸው ብዬ።»

ስክሪኑን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«የአንቺ ግን እንዴት ጠራ?»

«እኔም ገፍቼዋለሁ።»

«አንቺም?»

«አባቴ ሲተኛ።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ እንደ ንግግሩ ያለ ድምፅ። ቀጥላ እሷ፣ እንባዋ እስኪወርድ። አንዱ ያቃናውን ሌላው ሲያጣምም ከርመዋል፤ ሁለቱም ለአንድ ሰው ክብር ሲሉ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃል ሰጥቼ ነዋ። አንተስ?»

«እኔም።»

እንባዋን ጠረገች። ይህ ሰው ጆሮህን ታጠብ ላሉት ሽማግሌ፣ ማንም ሳያውቅለት፣ ሥራቸው እንዳይነካ ተደብቆ ሲደክም ነበር። እሷ ደግሞ ቂመኛ ነው ብላ ስልክ አላነሳችለትም። በጣም አሳዘናት፣ በጣምም ወደደችው፤ ሁለቱንም ነገረችው።

«አሁን ቀላል ነው» አለ እሱ። «አንዳችን እንተወው። ድምፁ ይጠራል፣ ኃላፊዋን አሳምናለሁ፣ አባትሽም አይሰሙም።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አንተ ቤታችን ልትገባ ነው የምትፈልገው። ከገባህ በኋላ በየቀኑ አባቴ እስኪተኛ ልንጠብቅ ነው? እኔ ደክሞኛል። እንንገረው። ካባረረህም ከእኔ ጋር ነው የሚያባርርህ።»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አብረው ሱቁ ገቡ። ቴክኒሻኑ ባንኮኒው ጋ ቆመ። ልጅቷ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ የሙከራውን፣ የሳጥኑን፣ የፋይሎቹን፣ የራሷንና የእሱን ነገር ሳይቀር። ስትጨርስ ሁለቱን ወገን የሚደርበውን ቁልፍ ተጭና ያልታረመውን ፋይል፣ ቀጥሎ የታረመውን ለቀቀችው።

አባት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «ድገሚው» አሉ። ደገመችው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

«አልለየሁትም» አሉ።

ወደ ማሽኑ ዞሩ።

«ማሽኑ ተራ በተራ እንደሚለካ ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ? እኔው አይደለሁ የሠራሁት? ሁለተኛ መለኪያ ማግኘት አልቻልኩም ነበር።» ካቻቢቴያቸውን አነሱና ካሴት ማጫወቻው ላይ ያለች ትንሽዬ ብሎን አሳዩአቸው። «በዚህች ነበር የማቃናው። ካሴቱን የምታነበው ብረት ስታጋድል ቀኙ ይዘገያል። ግራና ቀኙን ደርቤ፣ «ሰ» ጥርት እስኪል በጆሮዬ እየለየሁ፣ ለእያንዳንዱ ካሴት አዞራት ነበር። ሻሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ አሁን፣ አባዬ?»

«አሁን ባዞራትም ባላዞራትም ለእኔ አንድ ነው። እናትሽ የበሩ ደወል አይሰማህም ማለት ከጀመረች ወዲህ።» ወደ ባንኮኒው ዞሩ። «ማሽኔን አልናቅክም፣ ልጄ። ጆሮዬ እንደሄደ ነው የነገርከኝ። እሱን ነው መስማት ያልፈለግኩት።»

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ትከሻቸውን ያዘች። በዚያ ጥግ ስትቀመጥ ኖራ ይህን አለማወቋ አንጀቷን በላት። ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ።

አባት እንዲታዘንላቸው አይወዱም። አንድ ካሴት ከተቱና አጎነበሱ። «እንግዲህ እኔ አዞራለሁ። ልክ ስትመጣ በሉ።»

ብሎኗ ቀስ እያለች ዞረች። የታፈነው ድምፅ ቀለል፣ ቀለል፣ ከዚያ ጥርት አለ። ቴክኒሻኑ ሰምቷል፤ እሷ ትናገር ብሎ አያት። እሷም ሰምታለች፤ አባቷ ፊት ቅድሚያውን ለእሱ ልትሰጠው ብላ አየችው። ብሎኗ ዞረች። ድምፁ እንደገና ታፈነ።

«ምነው ዝም አላችሁ?»

«አልፏል፣ ጋሼ» አለ። «አልፏል፣ አባዬ» አለች። እኩል።

አባት ቀና ብለው ተራ በተራ አዩአቸው። ልጃቸው መሬት መሬት ታያለች። ልጁ ከአንገቱ በላይ ቀልቷል።

«እናንተ እንዲህ ስትተዛዘኑ ስንት ካሴት ሊበላሽብኝ ነው?» አሉ። ከወንበራቸው ተነሱ። ካቻቢቴውን በባንኮኒው ላይ አሻግረው ሰጡት። «ና ግባ። አንተ አዙር፣ እሷ ልክ ሲሆን ትንገርህ። ስትነግርህ ደግሞ ይሉኝታ የለም፤ ሁለታችሁም።»

ቴክኒሻኑ የባንኮኒውን መዝጊያ አንስቶ ገባ፤ በእሳቸው ወንበር ላይ በግማሽ ቂጡ ተቀመጠ።

አባት ወደ ጓዳ የሚወስደውን በር ከፈቱ። «ስሚ» አሉ ለእናት፣ «ዛሬ አራት ነን ለምሳ።» ከውስጥ የመጣውን መልስ አልሰሙትም። ልጅቷን ዞር ብለው «ምን አለች?» ብለው ጠየቋት።

«ሳህን አውጥቻለሁ አለች» አለቻቸው ጮክ ብላ።